ለገፊ የተሠራ ወንበር

ጥቅምት 12

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ፣ ለጋሼ፦

በሩቅ አገር ሆነህ ከደጃችን ያልጠፋኸው ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱ በረታ ብለህ ነበር፤ ጉልበትህን አደራ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናቴ ከኋላዬ ቆማ የምጽፈውን ስለምታነብ፣ ስለ እሷ ለጊዜው መልካም መልካሙን ብቻ እጽፋለሁ። «ወንድሜን ሳሚልኝ፣ ምግብ በሰዓቱ ይብላ በይልኝ» ብላለች።

ዊልቸሩ ደርሷል። በስልክ ነግሬሃለሁ፤ ግን ስልክ ሲደወል ቤቱ በሙሉ ስለሚሰማ ወጉን አላወጋሁህም። ዕቃው ጉምሩክ መጋዘን ከገባ ሰንብቶ ነበር። እናቴ መታወቂያዬን ይዛ ብትሄድ «የተላከላት ራሷ ትምጣ» አሏት። «መራመድ ብትችል ኖሮ ወንበር ይላክላት ነበር?» ብትላቸው «እሱን ቀርባ ታስረዳ» አሉ። በታክሲ ሄድን። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ሹፌሩና አንድ ተሸካሚ እንደ ሶፋ ግራና ቀኝ ይዘው አወጡኝ። ጸሐፊዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «አረፍ ይበሉ» አለችኝ። እናቴ «አርፋ ነው የመጣችው» አለቻት። ሳቄ መጥቶ ተሸካሚውን ሚዛን አሳጣሁት። ኃላፊው ደግሞ ወረቀቱ ላይ «ባለ አራት ጎማ» የሚል አይቶ «ሞተር አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሞተሩ እናቴ ናት» አልኩት። ያኔ ፈረመ።

ጋሼ፣ በጣም ያምራል። ሰማያዊ ጨርቁ፣ የሚያብረቀርቀው ብረቱ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አየው። ከፀጉር ቤታችን ደረጃ ወድቄ ወገቤ ከተጎዳ ወዲህ ዓመቱን በሙሉ በሰው ጀርባና በፕላስቲክ ወንበር ነበር የኖርኩት። ባልደረባዬም ለእኔ ስትል ፀጉር ቤቱን ከፎቅ አውርዳ ምድር ቤት ተከራይታለች፤ «ቦታሽ ይጠብቅሻል» ትለኛለች። አሁን እሄዳለሁ።

እጅህ አይድረቅ። የዘረጋኸው ሁሉ ሞልቶ ይመለስልህ።

የእህትህ ልጅ፣ ሚጣ


ኅዳር 20

ለልጄ ለሚጣ፦

ሰላምታዬ ከልብ ነው። እኔ ጤና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው። ስለ ጸሐፊዋ የጻፍሽውን እረፍት ክፍል ለጓደኞቼ ተርጉሜላቸው ሲስቁ ዋሉ። እንዲህ እየጻፍሽ አጫውቺኝ። በስልክ ስናወራ እትዬ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይገባል፣ መስመሩም ይቆረጣል። ደብዳቤን ግን መሃል ገብቶ የሚያቋርጥ የለም።

ስለ ወንበሩ አንድ ነገር ልንገርሽ። አየር ማረፊያ ውስጥ መንገደኛ ከመኪና ወደ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላን ወደ መኪና ስገፋ ነው የምውለው፤ ስለዚህ ወንበር አውቃለሁ። ይህን ዓይነቱን እኛ ጠዋት ስንገባ እንሻማበታለን። ቀላል ነው፣ ተጣጥፎ በአንድ እጅ ይያዛል፣ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል፣ እጀታው ከፍ ስላለ ወገብ አያጎብጥም። ቁልቁለት ላይ እትዬ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙራ፣ ወደኋላ እየሄደች ታውርድሽ። ደፍ ላይ ስትደርሱ በእግሯ ከታች ያለውን ብረት ረገጥ ታድርግ፤ ፊቱ ብድግ ይልላታል። ፍሬኑ እጀታው ሥር ነው። ስትቆም ሁልጊዜ ትያዘው፤ እንዳትረሳ።

ፎቶ ላኪልኝ። ከወንበሩ ጋር፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ መቀስሽን ይዘሽ። ሥራ ስትጀምሪ ለእኔ እንደ ምሥራች ነው።

ፈጣሪ ክንድሽን ያበርታ። እትዬን እቀፊልኝ።

አጎትሽ


ጥር 6

ለውድ አጎቴ፦

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ስላልጻፍኩልህ አትቀየመኝ፤ ቀኑ ሳላውቀው ይሄዳል።

ፎቶ ልኬልሃለሁ። በራችን ላይ የተነሳነው ነው፤ ጎረቤታችን ነች ያነሳችን። ወንበሩ ጥሩ ነው። በራችንን በልኩ ያልፋል። እናቴም ተለማምዳዋለች፤ ደፉ ላይ እንደነገርካት በእግሯ ረገጥ ታደርጋለች። ፀጉር ቤቱን በቅርቡ እጀምራለሁ። ትንሽ የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ።

ካላስቸገርኩህ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ብዙ ሲቀመጡበት መቀመጫው ይቆረቁራል፤ ወፍራም ትራስ ብታገኝ። ሌላ የሚያስፈልገኝ የለም።

ከክፉ ይሰውርህ።

ሚጣ


የካቲት 25

ለሚጣ፦

ሰላም ላንቺና ለእትዬ ይሁን። ትራሱ ከዚህ በሚመጣ ሰው እጅ ተልኳል፤ ሽፋኑ ስለሚወልቅ ይታጠባል።

አሁን የሆድ የሆዱን እንነጋገር። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። እትዬ ከኋላ ቆማ እጀታውን ይዛለች፤ አንቺ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ እንደ እንግዳ ተቀምጠሻል። ፀጉር ቤት የሚባል ነገር የለም። ባለፈው ስደውል አንቺ ተኝተሽ ነበርና እትዬን በቀስታ ጠየቅኋት። «ከቤት አትወጣም፣ ነይ ስላት አይ ትላለች» አለችኝ።

ሚጣዬ፣ ወንበሩን የላክሁልሽ እንድትወጪበት እንጂ ቤት ውስጥ እንድትቀመጪበት አይደለም። እኔ በየቀኑ የማየው ነገር አለ። በእግሩ የመጣ ሰው አንዴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ብርጭቆ ውኃ እንኳ «አምጣልኝ» ማለት ይጀምራል። ምቾት ክፉ ነው። አንቺ እንደዚያ እንድትሆኚ አልፈልግም። እትዬም ዕድሜዋ እየገፋ ነው፤ ከሥር ከሥርሽ ስትል መዋል የለባትም። መገፋት እንዳትለምጂ። ባልደረባሽ ቦታ ይዛ እየጠበቀችሽ ነው፤ ሰው ዘላለም አይጠብቅም።

የምቆጣሽ ስለምወድሽ ነው። መልስሽን በቶሎ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 3

ለአጎቴ፦

ጤናህን እመኛለሁ። ትራሱ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። እናቴ ገበያ ሄዳለች፤ ይህን የምጽፈው ብቻዬን ሆኜ ነው።

«መገፋት እንዳትለምጂ» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሼ፣ የላክኸው ወንበር ከመገፋት በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። አራቱም ጎማ ትንንሽ ነው። የፊቱም የኋላውም መቀመጫው ሥር ገብቷል፤ እጄ አይደርስበትም፤ ቢደርስም የምይዘው ነገር የለውም። ሰው ሲገፋኝ እሄዳለሁ፤ ሰው ሲተወኝ እዚያው ነኝ። በፕላስቲክ ወንበር ሳለሁ ቢያንስ መሬት ላይ ወርጄ በእጄ እየተጎተትኩ ውኃ እቀዳ ነበር። አሁን ከፍ ብዬ ስለምቀመጥ፣ ወርጄ መልሼ ለመውጣትም እናቴን መጥራት አለብኝ።

ፀጉር ቤት አልሄደችም አትበል፤ ሄጃለሁ። አንድ ቀን ሞክሬዋለሁ። አንዷን ከቀኝ በኩል ቆርጬ ወደ ግራዋ ለመዞር ባልደረባዬን «ገፋ አድርጊኝ» ማለት ነበረብኝ። ወደ መስታወቱ ጠጋ፣ እንደገና ወደኋላ፣ ማበጠሪያ ሲወድቅ እንደገና እሷን። የእሷ ደንበኛ ራሷ በሳሙና እንደተነከረ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ባልደረባዬ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ማታ ግን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ አየኋት። ከዚያ በኋላ «ነገ እመጣለሁ» እያልኩ አስቀረሁት።

ከዚያ ደግሞ የዝናቡ ቀን አለ። እናቴ ለአንተ አልነገረችህም፤ አትነግርህምም።

ባንክ ጉዳይ ነበረን። መግቢያው ደረጃ ስላለው እናቴ ከበሩ ጎን አቆመችኝና፣ እንዳዘዝካት ፍሬኑን ይዛ «መጣሁ» ብላኝ ገባች። ወረፋ ነበረ መሰለኝ ቆየች። ዝናብ ጀመረ። የባንኩ በረንዳ ፊት ለፊቴ ነው፤ እጄን ብዘረጋ ምሰሶውን ልነካው ምንም አልቀረኝም። ወገቤን እያወዛወዝኩ ሞከርኩ፤ ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። በረንዳው ሥር የተጠለሉት ሰዎች ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ። እያንዳንዱ ሌላው የእኔ ዘመድ ነው ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። እኔም «እባካችሁ» ለማለት አፌን ብከፍት ድምፄ እምቢ አለኝ። ሴት ልጅ ሠላሳ ዓመት በእግሯ ከሄደች በኋላ «ከዝናብ አስገቡኝ» ብላ መለመን እንዴት እንደሚጀመር አታውቅም።

የጥበቃው ሰውዬ መጣና «እህቴ፣ መግቢያውን ዘግተሻል፣ ጠጋ በይ» አለኝ።

«ጠጋ ማለት አልችልም» አልኩት።

«ዊልቸር ላይ አይደለሽ እንዴ?»

እሱን ሳስረዳ አንድ ደግ ሰው ከኋላዬ ደረሰ። ፊቱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ፍሬኑን ለቀቀና መሄድ ጀመርን። «ወደዚያ አይደለም፣ እናቴ ውስጥ ናት» ስለው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይለኛል። አስፋልቱን አሻገረኝ። መድኃኒት ቤቱ ጥላ ሥር ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጎ አቆመኝ፤ ጭኔ ላይ ሳንቲም አስቀመጠና ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። በዝናቡ ውስጥ እየሮጠች ስሜን ትጠራለች፤ ወደ ላይ ትሄዳለች፣ ወደ ታች ትመለሳለች። እኔ ዞሬ «እዚህ ነኝ» ልላት አልቻልኩም። ግድግዳ ላይ ነው የጮኽኩት። ስታገኘኝ በሹራቧ እጅጌ ፀጉሬን አደረቀችልኝ። ሳንቲሙን አይታ መሬት ላይ አስቀመጠችው እንጂ አልወረወረችውም። እኔ ብሆን እወረውረው ነበር።

ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። ያጎረሰኝን እጅ እንደ መንከስ ሆኖብኝ ነው። አንተ በብርድ ሠርተህ የላክኸውን፣ ጎረቤት መጥቶ የመረቀውን ወንበር «አልሆነኝም» የምልበት አፍ አጣሁ። እናቴም «ዋ፣ ለወንድሜ እንዳትነግሪው፣ ይሰበራል» አለችኝ። ግን ስንፍና ነው ስትለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፈጣሪ ይጠብቅህ።

ሚጣ


ሰኔ 2

ለአጎቴ፦

ደህና ነህ ወይ? መልስህ ስላልመጣ ሐሳብ ገባን። ስትደውልም ከእናቴ ጋር ብቻ አውርተህ «ሰላም በያት» ብለህ ዘጋህ አለችኝ። እናቴ «ምን ብለሽ ጻፍሽለት?» እያለች ትጠይቀኛለች። «ስለ አየሩ» አልኳት፤ አላመነችኝም። «ያለኝ አንድ ወንድም ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

የጻፍኩትን አልመልሰውም፣ እውነት ነውና። ግን ዝምታህ ከበደኝ። ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ ብቻ ጻፍልኝ።

ሚጣ


ሐምሌ 10

ለልጄ ለሚጣ፦

እንደምን ከርመሻል? ደብዳቤሽ በጊዜው ነው የደረሰኝ። ፖስታ ቤቱ አዘገየብኝ ልልሽ አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ተቀይሜ ነበር። ያን ወንበር ለመግዛት የበዓል ቀን ሳይቀር የሰው ፈረቃ እየገባሁ ነው የሠራሁት፤ ሲላክ ፎቶ አንስቼ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ ወንበሩን ብቻ ሳይሆን እኔን «አልሆንከኝም» ያልሽኝ መሰለኝ። መልስ ጻፍኩ። «እሺ፣ ከፈለግሽ ሽጪው» የሚል ደብዳቤ ነበር። እንኳንም አልላክሁት።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ወደ መሳፈሪያው በር ወሰድኩ። አውሮፕላኑ ዘግይቷል። እንደ ልማዴ ከሰው መተላለፊያ ዞር አድርጌ፣ ግድግዳው ሥር አቁሜ፣ ፍሬኑን ያዝኩና ሌላ መንገደኛ ላመጣ ስል እጄን ያዘኝ።

«ልጄ፣ ሥራህ ምን እንደሆነ አይቻለሁ፤ የእኔን ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም አባቴ።»

«አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት መንገድ እያየሁ ነው። እባክህ ወደ ሰው አዙረኝ።»

አዞርኩት። ከዚያ መተላለፊያውን ዞር ብዬ ሳየው፣ እኔና ጓደኞቼ ያቆምናቸው ሰዎች ሁሉ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠዋል። ሚጣ፣ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ፀጉሬ ሸብቷል። ስንት ሰው እንደዚያ አቁሜ እንደሄድኩ ፈጣሪ ይወቀው። ሁሉም ሲወርዱ «አመሰግናለሁ» ይሉኛል። አንቺም «አመሰግናለሁ» ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ።

በምሳ ሰዓት ወንበሮቹ የሚቀመጡበት ክፍል ገብቼ፣ ልክ አንቺ ጋ ያለውን ዓይነት ዘርግቼ ተቀመጥኩበት። እስከ በሩ ልሄድ ፈለግሁ። እጄን ወደ ጎማው ሰደድኩ፤ ብረት ብቻ ነው የነካሁት። ወደፊት ተወዛወዝኩ፤ ምንም። እንደ ሕፃን አልጋ ውስጥ ቀረሁ። ከዚያ ሳላስበው እግሬ ወለሉን ረግጦ ገፋኝና ሄድኩ። ምን እንዳደረግሁ ሲገባኝ ደነገጥኩ። እኔን ያዳነኝ እግር ላንቺ አይታዘዝልሽም። አንዱ ጓደኛዬ ገብቶ «ጡረታ ወጣህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ከእሱ ጋር ሳቅሁ።

ወንበሩን ስመርጥልሽ ሳልጠይቅሽ መረጥኩ። ለመግፋት የሚመቸኝን ነው የላክሁልሽ። ደብዳቤዬን መለስ ብዬ ባስበው፣ ያዘዝኩት ሁሉ ለእትዬ ነው፤ ላንቺ የነገርኩሽ ነገር ቢኖር ፎቶ ተነሺ የሚል ብቻ ነው። ስለ ስንፍና ያልኩሽንም እርሺልኝ።

አሁን አንቺ ንገሪኝ። በልኬ የሆነውን ላክ ካልሽኝ እልካለሁ። ምንም አትላክ ካልሽኝም እሱንም እሰማለሁ።

ልብሽን ያስፋልኝ።

አጎትሽ


ነሐሴ 15

ለውድ ጋሼ፦

ሰላምህ ይብዛልኝ። ደብዳቤህ ሲመጣ እናቴ ከእኔ ቀድማ ከፈተችው። አንብባ ስትጨርስ አጣጥፋ ሰጠችኝና «ወንድሜ ከድሮም ነገር ሲገባው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባው ግን ይገባዋል» አለች። ከዚያ ሻይ ጣደች። ከእሷ አፍ ይቅርታ ማለት ይሄ ነው።

አትላክ፣ ጋሼ። ስለተቀየምኩ አይደለም። ከሆስፒታሉ ጀርባ የአካል ድጋፍ የሚሠሩበት ወርክሾፕ እንዳለ ባልደረባዬ ከአንዲት ደንበኛዋ ሰምታ ወሰደችኝ። እዚያ ያለችው ባለሙያ ገና ልጅ እግር ናት። ሜትሯን ከማውጣቷ በፊት «ቀኑን ምን ስትሠሪ ነው የምትውዪው?» አለችኝ። ከወደቅሁ ወዲህ ያን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሁሉም «የት ያምሻል» ነው የሚለኝ። ፀጉር ቆራጭ ነኝ አልኳት። «እስቲ አሳዪኝ» ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። መቀስ እንደያዘ ሰው ሆኜ ጣቴን ፀጉሯ ውስጥ ሰደድኩ። ክርኔ የክንድ ማረፊያው ላይ ሲጋጭ አየችና «ይሄ መውለቅ አለበት» ብላ ጻፈች። ከዚያ ዳሌዬን፣ ጭኔን፣ ትከሻዬን ለካች። የቤታችንን በርና የፀጉር ቤቱንም ለክተን እንድንመጣ አዘዘችን።

መቼ ይደርሳል አትበለኝ። መጀመሪያ ጎማው የለም አሉኝ፤ ቀጥሎ ጎማው መጥቶ ፈራሚው ሥልጠና ሄዷል። የነገሩኝ ቀን ሁሉ «ምናልባት» አለበት። አንዳንዴ ተስፋ እቆርጥና ፊቴን አዙሬ እተኛለሁ። እናቴ ትተወኛለች፤ እሷም የእኔን ፊት ማንበብ ለምዳለች።

ልትልክልኝ ከፈለግህ ብስክሌተኞች የሚያደርጉት፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ላክልኝ። ባለሙያዋ መዳፌን አይታ «ይሄ ለሳምንት አይበቃሽም» ብላኛለች።

ያንተን ወንበር ምን ላድርገው? ያለ ፈቃድህ አልነካውም።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ሚጣ


መስከረም 28

ለሚጣዬ፦

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። ጓንቱን ልኬአለሁ። ሻጩ «ብስክሌቱ ምን ዓይነት ነው?» ሲለኝ «የእህቴ ልጅ እስክትነግረኝ አላውቅም» አልኩት። ትልቁንም ትንሹንም ገዛሁ፤ ልክሽን ሳልጠይቅ ላለመሳሳት ነው።

ወንበሩን ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ስጪው። እዚያ በሽተኛ ከበር እስከ ሐኪሙ ክፍል የሚገፋ ሰው አለ፤ ለእንደዚያ ያለ ቦታ ነው የተሠራው። ክፉ ወንበር አይደለም፣ ቦታውን ስቶ ነው።

እኔ አሁን መንገደኛ ሳቆም «ወደየት ላዙርዎ?» እላለሁ። አለቃዬ ጊዜ ይወስዳል ይላል። ይወስዳል። አብዛኛው ሰው መስኮቱን ነው የሚመርጠው።

እትዬ በስልክ ድምፅዋ ደከመብኝ። ስጠይቃት «ደህና ነኝ» አለች። አንቺ በዓይንሽ እያየሻት ነውና እውነቱን ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 14

ለምወድህ ለጋሼ፦

ሰላምታዬ ይድረስህ። የምጽፍልህ ብዙ ስለሆነ ሻይህን ይዘህ አንብበው።

ወንበሩ መጣ። ሲመጣ ደግሞ የእግር መርገጫው ለሌላ ረጅም ሰው የተሠራ ኖሮ እግሬ ተንጠልጥሎ ቀረ። ባለሙያዋ ተናደደች፣ ፈታችው፣ አሳጠረችው። ከኋላ ትልልቅ ጎማ አለው፤ ጎማው ላይ ደግሞ መያዣ ቀለበት። ክንድ ማረፊያው ይወልቃል። «የመግፊያ እጀታ ይኑረው?» ስትለኝ «ይቅር» አልኳት። ሰው ሳይጠይቅ ከኋላ ይዞኝ እንዳይሄድ ነው። ከእኔ ጋር የመጣችው እናቴ ወንበሩን ዞራ ዞራ አየችው፤ ከኋላው ቆማ እጇን ወደለመደችው ቦታ ሰደደች፤ የምትይዘው አጣች። «ታዲያ እኔ በምን ልያዝሽ?» አለች።

ቀላል ነው ብለህ እንዳታስብ። የመጀመሪያው ቀን ከግቢያችን በር ፊት ያለችው ዳገት ላይ ወደኋላ ተንሸራትቼ የጎረቤታችንን የልብስ ሳፋ ገለበጥኩ። መዳፌ በጓንቱ ውስጥም ውኃ ቋጠረ። ትንሹ ነው ልኬ የሆነው። የእግረኛው መንገድ ተቆርጦ የሚያልቅበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስደርስ በመኪና መንገዱ ነው የምሄደው፤ ሾፌሮች ጡሩምባ ይነፉብኛል። ታክሲ አይቆምልኝም። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ያለውን እርከን አከራዩ በሲሚንቶ አላስተካክልም ብሎ ስንት ጊዜ አመላለሰን፤ መጨረሻ ላይ ሚስቱ የባልደረባዬ ደንበኛ ስለሆነች እሷ ተናገረችውና ሠራልን።

ሥራ ጀምሬያለሁ። ደንበኛዬ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ትቀመጥልኛለች፤ እኔ ዙሪያዋን እዞራለሁ። ያልጠበቅሁት ችግር ምን ሆነ መሰለህ? ፀጉር። የቆረጥኩት ፀጉር የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ውስጥ ገብቶ ይጠመጠማል፤ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ወደ አንድ ጎን መጎተት ይጀምራል። ማታ ማታ ወረንጦ ይዤ የቀኑን ደንበኞቼን ሁሉ ከጎማው ውስጥ እለቅማለሁ፤ ጥቁሩን፣ ሽበቱን፣ ቀለም የተቀባውን። ባልደረባዬ «ቋሚ ደንበኛ ማለት ይሄ ነው፣ ደንበኞችሽ አንለቅሽም አሉ» ትለኛለች። አንዷ የድሮ ደንበኛዬ በርጩማውን አይታ «እኔ ከፍ ያለው ላይ ይሻለኛል» ብላ ወደ ባልደረባዬ ሄደች። አመመኝ። ሌላዋ ግን ጨርሼላት መስታወት ስሰጣት «እጅሽ ይሄ ነው» ብላ ራሷን ግራ ቀኝ ስታዞር ቆየች።

አሁን ስለ እናቴ። እውነቱን ጻፊልኝ ብለሃል፤ እውነቱን እስከ ባለፈው ሳምንት እኔም አላውቀውም ነበር።

ጋሼ፣ አንድን ሰው የሚገፋው ሰው ፊቱ አይታይም። ዓመት ከምናምን እናቴን ያወራኋት በትከሻዬ ላይ ነው። ድምጿን ነው የማውቀው፤ ድምጿ ደግሞ መዋሸት ይችላል። እጀታ ስለሌለ አሁን ከጎኔ ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ላይ እጇን የምታደርግበት አጥታ ቦርሳዬን ትይዝልኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከፀጉር ቤት ስንመለስ ዞር ብዬ አየኋት። ታነክሳለች። ግራ እግሯን ስታስቀድም ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ዳሌዋ አይታዘዝላትም። እኔን ስትገፋ ወንበሩ ምርኩዝ ሆኗት ኖሯል፤ ምርኩዙ ሲነሳ ነው የታየው። ዳገት ቁልቁለቱን እኔን ይዛ ስትወጣ ስትወርድ የመጣባት ነው። አንድም ቀን «አመመኝ» አላለችኝም። የምታይ ዓይን አልነበረኝምና አልጠየቅኋትም።

ሐኪም ቀጠሮ ይዤላታለሁ። እኔ ነኝ የምወስዳት። ከአንተ የምፈልገው በስልክ ስትደውል «ደህና ነኝ» ስትልህ እንዳታምናት ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት እጄ ለምዶ ኖሮ በፍጥነት ነበር የምሄደው። ስታነክስ ሳያት ጎማውን ያዝኩና ቆምኩ። እሷ ልብ ሳትል ጥቂት ሄዳ፣ አለመኖሬ ሲገባት ዞረች።

«ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት፤ «አንቺን ልጠብቅ ብዬ ነው።»

ወደ እኔ መጥታ ትከሻዬ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ክብደቷን ሙሉ ለሙሉ ጣለችብኝ። እንደዚያ አድርጋኝ አታውቅም ነበር። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆምን፤ ከዚያ በእሷ እርምጃ ልክ ወደ ቤት ሄድን።

ሰላም ዋል።

ሚጣ